የደበላ ልጆች በጓሳ

ጓሳ ከመንዝ ደጋ በላይ ያለ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው። ለማያውቀው ሣር ነው፤ ለእኛ ግን ጣሪያ ነው፣ ገመድ ነው፣ በክፉ ቀን የከብት መኖ ነው። አባቶቻችን ለዓመታት ዘግተው ያቆዩትና በቀጠሮ የሚከፍቱት ነበር። በተዘጋበት ጊዜ ማጭድ ይዞ የገባ ይቀጣል። በተከፈተ ጊዜ ደግሞ ትውልዱን ቆጥሮ አገሩን መጀመሪያ ካቀኑት አባቶች የሚደርስ ሁሉ የድርሻውን ያጭዳል። የምነግራችሁ በአንድ እንዲህ ባለ የመክፈቻ ቀን የደረሰብኝን ነው።

ያን ጊዜ ባሌን የቀበርኩ፣ አይ፣ ባሌን ለመቅበር እንኳ ያልታደልኩ ሴት ነበርኩ። አስካለ ማንደፍሮ እባላለሁ። የተወለድኩት እዚሁ መንዝ፣ ከቀየት ብዙ በማይርቅ መንደር ነው። በልጅነቴ አክስቴ አርሲ ወሰደችኝ፤ እዚያው አደግኩ፣ እዚያው ደበላን አገባሁ። ደበላ ኦሮሞ ነው። ገበሬ ነበር፤ እጁም አናጢነት ያውቃል። በተክሊል ተጋባን። እኔ ቋንቋውን ለመድኩ፣ እሱም የእኔን። ልጆቻችን ሁለቱንም ይናገሩ ነበር፤ የትኛው የአባታቸው፣ የትኛው የእናታቸው እንደሆነ ለይተው አያውቁም። የበኩር ልጄ ፈይሳ ነው፤ የመጨረሻዋ ጫልቱ ናት። በመካከላቸው የሞቱብኝ አሉ። እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነገሩ ተበላሸ። ለዓመታት ቅቤ የገዛኋት ሴት አንድ ቀን ገበያ ላይ ፊቷን አዞረችብኝ። ቀጥሎ እንደኔ ከሰሜን የመጣ የአንድ ጎረቤታችን ቤት ተቃጠለ። የደበላ እኅት እየሮጠች መጥታ «ዛሬውኑ አውጣት፤ ስሟን ሲጠሩ ሰምቻለሁ» አለችው። ደበላ እህል በጫነ መኪና ላይ እኔንና ልጆቹን ሰቀለን። እኅቱ ከትከሻዋ ነጠላዋን ገፍፋ ለጫልቱ አለበሰቻት። ያቺን ሴት በጸሎቴ ሳላነሣ የዋልኩበት ቀን የለም።

«ስንዴውን ሰብስቤ እመጣለሁ» አለ ደበላ።

አልመጣም። ተስቦ ገብቶ ነበርና ወሰደው። መርዶው የደረሰኝ ዐቢይ ጾም ሊገባ ሲል ነው።

መንዝ ስደርስ ወላጆቼ በሕይወት አልነበሩም። የአባቴ ቤት የድንጋይ ግድግዳው ቆሟል፤ ጣሪያው ግን በስብሶ ወድቋል። ሰው ክፉ አልነበረም። አንዱ ገብስ ሰጠን፣ አንዷ ምጣድ አዋሰችኝ፣ አንዱ ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና አለበሰን። የበልግ ዝናብ ሲመጣ ሦስታችን ያልፈረሰ ጥግ ፈልገን በዚያ ባና ሥር እንጠቀለላለን። ጫልቱ ማሳል ጀመረች። ዘመሮ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ያያት ሰው መድኃኒቱን ሰጠኝና፣ «ይህ ለጊዜው ነው። ክረምቱን እርጥብ ላይ ካደረች ግን ልጅቷ አትተርፍልሽም» አለኝ።

እንግዲህ የእኔ ነገር ይኸው ነው፤ ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ፣ መምሬ ዘውዴ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው ጓሳው በማግስቱ ሰኞ እንደሚከፈት ለፈፉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ መሬት ሳምኩ። ድርሻው በራስ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የተወሰነ እስር ሣር ይታጨዳል። የአንድ ሰው ድርሻ አንድ ቤት አይከድንም፤ የሦስት ሰው ግን ይከድናል። እኛ ደግሞ ሦስት ነን። እግዚአብሔር አስቦ ያስቀመጠልኝ መሰለኝ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ነበርና ሰው የሚታወቀው በድምፁ ነው። አህያ ያናፋል፣ ማጭድ ይሳላል፣ የተጠፋፋ ይጠራራል። መምሬ ዘውዴ አባታችን ሆይ ደግመው መስቀላቸውን ወደ አራቱ ማዕዘን ካነሡ በኋላ የሣሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አያ ደምሴ «በሉ ግቡ! የጎረቤቱን እግር ያጨደ እዳው የራሱ ነው!» አሉ። ሰው እየሳቀ ገባ።

እኔና ፈይሳ እናጭዳለን፤ ጫልቱ የታሰረውን እየሰበሰበች ትደረድራለች። ፈይሳ ያን ጊዜ ጢሙ ሊያቆጠቁጥ ነው። በአባቱ እጅ ስንዴ ማጨድ የተማረ ስለሆነ ማጭዱ ሣሩን አይቀድም፣ ይላጫል እንጂ። ከአጠገባችን ዘነቡ የምትባል፣ ቀልድ የማይጠፋት ጎረቤቴ ነበረች።

«ኧረ አስካለ፣ ይህን ልጅ አከራዪኝ! የእኔዎቹ እኮ ሣሩን እየለመኑት ነው።»

ጫልቱ እስሩን እየቆጠረች ነበር። «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ አፉር...»

ዘነቡ ቀና አለች። «ይቺስ በምንድን ነው የምትቆጥረው?»

«በለመደችው» አልኩ።

«ታዲያ አንቺ፣ በእኛ ስንት ሆነ?»

«በእናንተም አራት ነው» አለቻት ጫልቱ።

በዙሪያው ያለ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከደበላ መርዶ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅኩት ያን ዕለት ነበር።

ሳቁን ሰምቶ ሥዩም መጣ። ሥዩም የቀበሌው ካድሬ ነው፤ ወጣት፣ ረጋ ያለ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ።

«እትዬ አስካለ፣ የልጆቹ አባት ማን ይባላሉ?»

«ደበላ። ነፍሱን ይማረው።»

«የዚህ አገር ሰው ናቸው?»

«የአርሲ።»

ጥቂት አሰበና፣ «እስኪ ማጨዱን ያቁሙና ወደ አያ ደምሴ እንሂድ» አለኝ።

አያ ደምሴ የአባቴ የአጎት ልጅ ናቸው። በየሠርጉ፣ በየተዝካሩ ቆመው ሲመርቁ «ኢትዮጵያ አንድ ናት፤ ዘር የሚቆጥር አይባረክ» የሚሉ ሽማግሌ ናቸው። እንደ እሳቸው ካለ ሰው ፊት በመቅረቤ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ድንጋይ ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ መምሬ ዘውዴ አጠገባቸው ናቸው።

«አያ» አለ ሥዩም፣ «እትዬ አስካለ የራሳቸውን ድርሻ ማጨዳቸው ትክክል ነው። የልጆቹ ድርሻ ግን ያጠያይቃል። አባታቸው የሌላ ክልል ሰው ናቸው።»

«ክልል ምንድን ነው?» አልኩ። በእውነት አላወቅኩም ነበር።

«አዲሱ አከላለል ነዋ፣ እትዬ። ሁሉም ብሔር የራሱ አለው። የእነሱ እዚያ ነው። ልጅ ደግሞ አባቱን ነው።»

«ከመቼ ወዲህ?» አልኩት።

መልስ ሳልጠብቅ ትውልዴን መቁጠር ጀመርኩ። በአባቴ በኩል መቁጠር እችል ነበር፤ አውቄ በእናቴ በኩል ቆጠርኩ። አስካለ የአመለወርቅ፣ አመለወርቅ የወለተ ኪሮስ፣ ወለተ ኪሮስ የሀብተ ሚካኤል እያልኩ እስከ አቅኚው አባት ደረስኩ። እናቴ ገና ልብስ መታጠቅ ሳልለምድ ያስጠናችኝ ነው። በእኛ አገር ርስት በእናትም ይገባል፤ ሴት ያልተቆጠረችበት ዘመን የለም። ርስቱ በአዋጅ ከቀረ በኋላም የጓሳው ቆጠራ ያው ነበር።

አያ ደምሴ ሲሰሙ ራሳቸውን እየነቀነቁ ነበር። «እንከን የለውም። እንዲያውም እኔ ራሴ የምገባው በእናቴ ነው» አሉ።

«ታዲያ ልጆቼ በእኔ ይግቡ።»

በዚህ መካከል ሰው ተሰብስቧል። ከኋላ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እኛን ከየአገሩ ሲያባርሩን ማን ቆጠራ ጠየቀን? ወንድሜ ባዶ እጁን አይደለም የተመለሰው?» አለ።

«እኔም ባዶ እጄን ነው የተመለስኩት» አልኩት። «እነዚህም አብረውኝ ተባረሩ። እዚያ የእናታችሁ ልጆች ናችሁ ተባሉ፤ እዚህ የአባታችሁ ልጆች ናችሁ ካላችኋቸው የት ይደሩ?»

ሥዩም መልሶ፣ «እትዬ፣ እኔ ክፋት የለብኝም። የክልሉን ሀብት ለማን ሰጣችሁ ብለው ነገ ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ?» አለ። እውነቱን ነበር፤ ፈርቷል። ሰውን የሚያስቸግረው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ የፈራ ደግ ሰውም ነው።

አያ ደምሴ ጢማቸውን ሲዳስሱ ቆዩና ፊታቸው በራ። ያን ፊት አልረሳውም። መፍትሔ ያገኘ ሰው ፊት ነው።

«ምን ያጨቃጭቀናል? እኛ ዘር አንቆጥርም። ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊ ነው። ልጆቹ በማንደፍሮ ስም ይጠሩ። የማንደፍሮ ልጆች ናቸው ካሉ ማን ይነካቸዋል? የእኛው ሆኑ፤ አለቀ።»

«ልክ ነው፣ እንዲህ ይሻላል» አለ ሰው ሁሉ። ሥዩምም ትንፋሹን ለቀቀ። «በማንደፍሮ ከተጠሩ እኔም መልስ አገኘሁ» አለ።

«አባቴ እኮ አይቷቸው አያውቅም፣ አያ» አልኩ።

«ሞቶ የለ? ሙት አይቀየምም።»

«ደበላም ሞቷል።»

አያ ደምሴ ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ከዚያ በለሆሳስ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ «አስካለ ልጄ፣ አፍ ነው እኮ። ልብሽን ማን ያየዋል? ልጆቹ እዚህ በሰው ፊት እንዲህ ይበሉና ሣሩን እንስጥሽ» አሉኝ።

ወደ መምሬ ዘውዴ ዞርኩ። የንስሐ አባቴ ናቸው። «መምሬ፣ ኃጢአት ነው?»

«አባትህንና እናትህን አክብር ይላል» አሉና አቆሙ። ጫልቱ አስላ ነበር። አዩዋት። «ሕፃኗ ግን ታስላለች፣ ልጄ» አሉ።

«አይሆንም» አልኩ። «ደበላ ቤቱን፣ መሬቱን፣ ሬሳውን እዚያ ነው ያስቀረው። ልጆቹ ይዘውለት የመጡት ስሙን ብቻ ነው። እሱን አልሰጥም።»

ሄጄ ሣሩ መካከል ተቀመጥኩ። ሰው ወደ ሥራው ተመለሰ። ጉሙ ተገፎ ሜዳው ተገለጠ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ጎንበስ ያለ ሰው ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠው ያዩናል። የኛ ሰበካ ድርሻ ዓይኔ እያየ ይላጫል። ማታ ይዘጋል፤ ከዚያ ለዓመታት አይከፈትም። የእኔን የአንድ ራስ ድርሻ አጭጄ ጨርሻለሁ። የቤቱን አንድ ጎን ይከድን ይሆናል። እመቤቴን ለመንኳት፤ ምን ብዬ እንደምለምናት ግን አላወቅኩም። ልጄን አድኚልኝ ነው ወይስ ባሌን?

ፈይሳ አጠገቤ ቁጢጥ አለ። በአባቱ ቋንቋ ነው ያናገረኝ፤ ሰው እንዳይሰማ።

«እማ፣ ሌላ ሣር የሚሸጥ የለም?»

«ሣር ሁሉ ከዚሁ ነው።»

«ቆርቆሮስ?»

«በምን ገንዘብ?»

«ጤና ጣቢያው ያለውን ሰምቼዋለሁ። በር ላይ ነበርኩ።»

«እግዚአብሔር ያውቃል። ዝም በል።»

ማጭዱን በሣር ጠረገ፣ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ተነሣና የጫልቱን እጅ ይዞ ወደ አያ ደምሴ ሄደ። ምን ሊያደርግ እንደሆነ የገባኝ ድምፁ ሲወጣ ነው።

«ፍሥሐ እባላለሁ» አለ። የክርስትና ስሙ ፍሥሐ ጽዮን ነው፤ ከዚያ ግማሹን ወሰደ። «ፍሥሐ ማንደፍሮ። የመንዝ ሰው ነኝ።»

«ጎበዝ!» አሉ አያ ደምሴ። «እልል በሉ እንጂ!» ጥቂት ሴቶች እልል አሉ። ዘነቡ አላለችም፤ አየኋት፣ አንገቷን ደፍታ ነበር።

ሥዩም ወደ ጫልቱ ጎንበስ አለ። «አንቺስ፣ እኅቴ? ማን ማንደፍሮ?»

ጫልቱ ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በዚያች በታመመች ደረቷ ባላት ኃይል ጮኸች።

«ጫልቱ ደበላ! አባቴ ደበላ ነው! የወንድሜም አባት ደበላ ነው!»

ፈይሳ አፏን በእጁ ያዘው። በኃይል አልነበረም። የሕፃን አፍ ከቅዝቃዜ እንደሚሸፈን ነበር የያዘው፤ ግን አለቀቀውም። እሷ በእጁ ሥር መጮኋን ቀጠለች፤ ድምፁ አይወጣም፣ ዓይኗ ብቻ ይታያል። እኔ ተነሥቼ መንገድ ጀምሬ ነበር። እሱ አየኝ። ራሱን ነቀነቀ፤ እማ ተይ ማለቱ ነው። እግሬ ቆመ።

አያ ደምሴ ፊታቸውን ወደ ሌላ መለሱ። «ሕፃን ናት፤ በወንድሟ ትገባለች። የሦስት ራስ ይታጨድላቸው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ። ሁሉም ደግ ሆነ። ያ ስለ ወንድሙ የጮኸው ሰው ሳይጠራ መጥቶ አጨደልን። ሥዩም ኮቱን አውልቆ እስር አሰረ። አያ ደምሴ የራሳቸውን አህዮች ሰጡን። ጣሪያውን የሠሩልንም እነሱ ናቸው፤ በደቦ፣ እየዘፈኑ፣ አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉ። ስሙን ከከፈልን በኋላ የቀረውን ሁሉ በነፃ ሰጡን። እንዲህ ያለ ሰውን እንዴት ይጠሉታል? ልጠላቸው ሞክሬ አልቻልኩም፤ ላመሰግናቸውም አፌ አልታዘዝ አለኝ። እግዚአብሔርን ብቻ አመሰገንኩ።

ክረምቱ ገባ። ጣሪያው አንድ ጠብታ አላፈሰሰም። ጫልቱ ዳነች፤ ዛሬ የልጆች እናት ናት። ተመስገን። ይህን ቃል ስል ከልቤ ነው።

ፈይሳ ግን ከዚያ ዕለት ወዲህ የአባቱን ቋንቋ ከአፉ አላወጣም። ጫልቱ ስታናግረው በአማርኛ ይመልስላታል። ትምህርት ቤት ፍሥሐ ማንደፍሮ ተብሎ ገባ፤ በዚያው ስም አዲስ አበባ ሄደ፣ በዚያው ስም ሥራ ያዘ። አንድ ጊዜ የአባቱን መቃብር ለማየት አርሲ ሄዶ ነበር። አክስቱ አንገቱን አቅፋ አለቀሰች አለኝ። አጎቶቹ ግን መታወቂያውን አይተው፣ «ደበላ ልጅ ነበረው፤ ፈይሳ ይባል ነበር። አንተ ማነህ?» አሉት። ሲነግረኝ ስቆ ነው የነገረኝ። ያን ሳቁን አልወድለትም።

«እዚያ ስምህን ስትጠየቅ ምን ትላለህ?» አልኩት አንድ ጊዜ፣ ስለ አዲስ አበባ።

«መጀመሪያ የጠያቂውን ፊት አያለሁ፣ እማ» አለኝ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንዳችሁ «ብሔር» ትላላችሁ፣ አንዳችሁ «አንድነት» ትላላችሁ። ስትከራከሩ በራዲዮ እሰማለሁ። እኔ የተማርኩ አይደለሁም፤ ማን ልክ እንደሆነ አልፈርድም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። ያን ዕለት ጓሳ ላይ ሁለታችሁም ነበራችሁ። አንዱ ብሔር ብሎ እናትነቴን አልቆጥርም አለ። ሌላው አንድ ነን ብሎ የባሌን ስም ጠየቀኝ። ሁለታችሁም በትሕትና ነው የጠየቃችሁኝ። ሁለታችሁም ሣሩን በማጨድ ረድታችሁኛል። ስትታረቁም ዓይኔ እያየ ነው፤ የታረቃችሁት በልጄ ላይ ነው።

በእኔ ላይ የተለወጠው ይህ ነው። ድሮ «የማን ልጅ ነህ?» ብዬ ሰው መጠየቅ እወድ ነበር፤ ወጋችን ነው፣ ዘመድ መፈለጊያችን ነው። አሁን አልጠይቅም። እንግዳ ቤቴ ሲገባ ውኃ እሰጠዋለሁ፣ እግሩን እንዲታጠብ አደርጋለሁ፣ ራሱ ካልነገረኝ ስሙን ሳላውቅ ይሄዳል። ሰው ጨዋነት ይመስለዋል። ፍርሃት ነው።

ባለፈው ሰሞን ፈይሳ ደወለልኝ። ሚስቱ ወንድ ልጅ ወልዳለች። አርባው ቀርቧል።

«እማ፣ ልጄን ክርስትና ላስነሣው ነው። አባቱ ማን ይባላል ቢሉኝ የትኛውን ልበል?»

«ካህኑ አይጠይቁህም፣ ልጄ» አልኩት። «እሳቸው የሚጠይቁት የሕፃኑን የክርስትና ስም ብቻ ነው። ሰው የሚጠይቅህ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስትወጣ ነው።»

«ያኔስ?»

«እግዚአብሔር ያሳድግልህ» አልኩት።